ወርቅ ለምን «ኤዩ» ተባለ? «ኦሪክ»ስ ምን ማለት ነው?

መምህር ከሐይቅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። እንዴት ሰነበታችሁ?

ሐይቅ ከተማ 9ኛ ክፍል ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ዛሬ የንጥረ ነገሮችን ምልክት ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ሳለ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ካርቦን ‹ሲ› ነው፤ ገባኝ። ኦክስጅን ‹ኦ› ነው፤ ገባኝ። ወርቅ በእንግሊዝኛ ‹ጎልድ› ነው። ታዲያ ‹ኤ› እና ‹ዩ› ከየት መጡ?»

«ከላቲን ነው» አልኳት።

«ላቲኑስ ምን ማለት ነው?»

እዚያ ላይ ቆምኩ። ስንት ዓመት ሙሉ «ከላቲን ነው» እያልኩ አልፌዋለሁ። እስከ ዛሬ ቀጥሎ ያለውን የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም። ይባስ ብሎ ከክፍል ወጥቼ መጽሐፉን ስገልጥ «ኦሪክ ክሎራይድ» የሚል አገኘሁ። ይኼ «ኦሪክ» የሚባለውም ከወርቅ ጋር የተያያዘ እንደሆነ እንጂ ከዚያ በላይ አላውቅም።

ልጅቷን ሐሙስ እመልስልሻለሁ ብያታለሁ። የምታውቁ እርዱኝ።


ጦሳ ሥር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡31

እኔ የተማርኩት «ኤዩ» ከአውስትራሊያ የመጣ ነው ተብዬ ነው። ወርቅ የሚበዛበት አገር ስለሆነ። ካልሆነም የሚያውቅ ያርመኝ።


ላብራቶሪ ኮምቦልቻ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ጦሳ ሥር፣ አይደለም ወንድሜ። አውስትራሊያ «ደቡብ» ከሚል የላቲን ቃል የወጣ ስም ነው። ከወርቅ ጋር አይገናኝም።

መምህር፣ ቃሉ «አውሩም» ነው። ሮማውያን ወርቅን የሚጠሩት እንደዚያ ነበር። ምልክቱን የሰጠው የስዊድኑ ኬሚስት ያኮብ ቤርሴሊየስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1813 እና በ1814 ንጥረ ነገሮችን በላቲን ስማቸው መጀመሪያ ፊደል እንጻፋቸው ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ከዚያ በፊት ወርቅ የሚሣለው በፀሐይ ነበር። ክብ ሆኖ መሐሉ ላይ ነጥብ ያለበት። ብር ደግሞ በጨረቃ ይሣላል። ቤርሴሊየስ ላቲንን የመረጠው ያን ጊዜ የአውሮፓ ሊቃውንት ሁሉ የሚግባቡባት ቋንቋ ስለነበረች ነው። እኛ ዘንድ ግዕዝ እንደነበረው ማለት ነው።

ሌሎቹም ግራ የሚያጋቡ ምልክቶች የመጡት በዚሁ መንገድ ነው። ብረት ከ«ፌሩም»፣ ብር ከ«አርጀንቱም»፣ መዳብ ከ«ኩፕሩም»። ኩፕሩም ከቆጵሮስ ደሴት ስም የወጣ ነው፤ መዳቡ ከዚያ ስለሚመጣ። ባዜቃ (ሜርኩሪ) ደግሞ «ሃይድራርጊሩም» ይባላል፤ «ውሃ የሆነ ብር» እንደ ማለት ነው። ባዜቃን ጠብ ሲል ያየ ሰው ስሙ ልክ መሆኑን ያውቃል።

አሁን የተማሪሽ ጥያቄ። ይቅርታ፣ የተማሪህ። «አውሩም» ራሱ ምን ማለት ነው? የቋንቋ አጥኚዎች ጥንት «አውሶም» ነበር ይላሉ። ላቲን በሁለት አናባቢ መካከል የምትገባ «ስ»ን ወደ «ር» የመለወጥ ልማድ ነበራት። ሊቱዌንያውያን እስከ ዛሬ ወርቅን «አውክሳስ» ነው የሚሉት፤ «ስ»ዋ እዚያ አለች። ይህን ቃል ብዙዎቹ መብራትንና መንጋትን ከሚያመለክት ሥር ጋር ያገናኙታል። ላቲን ለጎህ ያላት ቃል «አውሮራ» ነው። ስለዚህ ለልጅቷ «ጎህ ሲቀድ የሚታየው ቀለም» ብለህ ብትነግራት አትሳሳትም።

«ኦሪክ» ቀላል ነው። አውሩም ላይ «ኢክ» የሚል መድረሻ ተጨመረበት፤ አለቀ። ወርቅ ከሌላ ነገር ጋር ሲዋሐድ አንዳንዴ አንድ ኤሌክትሮን ይሰጣል፣ አንዳንዴ ሦስት። አንድ ሲሰጥ «ኦረስ»፣ ሦስት ሲሰጥ «ኦሪክ» አሉት። ብረት ላይ «ፌረስ» እና «ፌሪክ» እንደምንለው ነው። «ኢክ» ሁልጊዜ ለሚበልጠው ነው። ዛሬ መጻሕፍቱ በአብዛኛው በቁጥር ነው የሚጽፉት፤ «ጎልድ ሦስት ክሎራይድ» ብለው። የአንተ መጽሐፍ የድሮውን ስም ይዞ ቀርቷል።


ጦሳ ሥር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡26

እግዜር ይስጥልኝ። ስንት ዓመት ተሸክሜው ነበር።


የዋድላ ተማሪ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡05

ሰላም ለሁላችሁ። ላቲኑ ተብራርቷል። እኔ ደግሞ የራሳችንን «ወርቅ» ላንሣ። ልጅቷ ነገ «የአማርኛውስ?» ብትል መምህር እንዳይቸገሩ።

ወርቅ በግዕዝም ወርቅ ነው። አልተለወጠም። በጥንቱ የደቡብ ዓረቢያ ጽሑፍም «ወ-ረ-ቀ» ተብሎ ተቀርጾ ይገኛል። ሥሩ ግን ቀለም ነው። ዕብራይስጥ ከእኛ በ«ወ» የሚጀምሩትን በ«የ» ይጀምራቸዋል። እኛ «ወለደ» ስንል እነሱ «ያላድ» ይላሉ። ግዕዝ ጨረቃንና ወርን «ወርኅ» ሲል እነሱ ጨረቃን «ያሬሕ» ይላሉ። በዚሁ መንገድ «ወርቅ»ን ብትወስዱት «ያሮቅ» ይመጣል። ያሮቅ በዕብራይስጥ አረንጓዴ ማለት ነው። በጥንት ጊዜ በዛሬዋ ኢራቅ ይነገር በነበረው በአካዳውያን ቋንቋም «ወራቁ» ብጫ መሆን፣ አረንጓዴ መሆን ነው። በድሮ ዘመን ብጫና አረንጓዴ በአንድ ቃል ይጠሩ ነበር። ደርቆ ወደ ብጫ የሚሄድ ቅጠል አስቡ። ወርቅ ማለት እንግዲህ «ብጫው» ማለት ነው።

የእንግሊዝኛው «ጎልድ»ም ብጫ ከሚለው ቃላቸው ጋር አንድ ሥር እንዳለው አንብቤያለሁ። ሮማውያን ጎህን አዩበት፤ እኛና እንግሊዞች ሳንመካከር ቀለሙን አየንበት።

አንድ ልጨምር። ግሪኮች ወርቅን «ክሪሶስ» ይሉታል። ኬሚስቶችና ሐኪሞች ይህንንም ይጠቀሙበታል። ይህ የግሪክ ቃል ግን የግሪክ አይደለም። ከሴም ቋንቋዎች፣ ከእነ ግዕዝና ዕብራይስጥ ቤተሰብ፣ የተዋሰው ነው። በአካድ «ኁራጹ»፣ በዕብራይስጥ ቅኔ «ሓሩጽ» ይባላል። ነጋዴዎች ከዕቃው ጋር ስሙንም ወሰዱት። አሁን ቤተ ክርስቲያን የምትሄዱ ሁሉ የምታውቁትን ስም ላስታውሳችሁ። ዮሐንስ አፈ ወርቅ። በግሪክ ስሙ «ክሪሶስቶሞስ» ነው፤ «ክሪሶስ» ወርቅ፣ «ስቶማ» አፍ። አባቶቻችን ቃል በቃል መለሱት። ከሴም ወጥቶ ግሪክ ቤት የከረመው ስም ወደ ሴም ቤት ሲመለስ በወንድሙ ተተካ። ቅኔ ቤት ሳለሁ ይህን ባውቅ ኖሮ አንድ መወድስ ይወጣው ነበር።


የወሎ ቦረና ልጅ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡40

አሰላሙ ዐለይኩም። የዋድላ ተማሪ፣ ጀዛከላህ፣ ትልቅ ነገር ነው የነገርከን።

መድረሳ የቀራን ሰዎች ሱረቱል ከህፍን፣ የቁርኣኑን የዋሻ ምዕራፍ፣ እናውቃለን። የዋሻው ሰዎች ከእንቅልፋቸው ሲነቁ ከመካከላቸው አንዱን ምግብ እንዲገዛ ወደ ከተማ ይልኩታል። «በዚህ ወሪቃችሁ ላኩት» ይላል አያው። ወሪቅ ማለት የብር ገንዘብ ነው። በዐረብኛ ወርቅ «ዘሀብ» ነው። ልጅ ሳለሁ «ወሪቅ»ን ወርቅ ነው እያልኩ ስተረጉም ኡስታዙ «ብር ነው፣ ብር ነው» እያሉ ያርሙኝ ነበር። አሁን ገባኝ። ሥሩ አንድ ሆኖ ዐረቡ ለብር አዋለው፣ እኛ ለወርቅ አዋልነው።

ቅጠልም በዐረብኛ «ወረቅ» ነው። «ወረቀት» የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። ተማሪዋ ደብተሯን «ወርቅ» ከሚለው ቃል ዘመድ ላይ ነው የምትጽፈው በሏት።


የዋድላ ተማሪ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡52

ይኼን ሰምቼ አላውቅም ነበር። እግዜር ያክብርህ ወንድምአለም።


ላብራቶሪ ኮምቦልቻ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡15

ብጫ ነው ካላችሁ ኬሚስትሪው ስለ ብጫነቱም አንድ ቃል አለው። አብዛኛው ማዕድን ነጭ ወይም ግራጫ ነው። ወርቅ ለምን ብጫ ሆነ? የወርቅ አቶም መሐሉ ላይ 79 ፕሮቶን አለው። ከባድ ነው። ወደ መሐል የቀረቡት ኤሌክትሮኖቹ ከብርሃን ፍጥነት ግማሽ በላይ ይሮጣሉ። በዚህ ፍጥነት የአንስታይን የአንጻራዊነት ሕግ ይገባል። የኤሌክትሮኖቹ ቤት ይጠብባል፣ ወርቁም ሰማያዊውን ብርሃን ይውጣል። ሰማያዊው ከነጭ ብርሃን ላይ ሲቀነስ ለዓይናችን የሚተርፈው ብጫው ነው። ይህ ባይሆን ወርቅና ብር በቀለም አይለዩም ነበር።


ከጅዳ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡30

ሰላም የአገሬ ልጆች። የቃሊም ልጅ ነኝ፣ አሁን ያለሁት ጅዳ ነው። ሥራ ላይ ሆኜ በስልክ እያነበብኳችሁ ነው።

እኔ ጥያቄ አለኝ። አምና ስመጣ ለእናቴ ቀለበት ገዝቼላት ነበር። ባለ 21 ነው ተብዬ ነው የገዛሁት። ውስጡ ላይ 875 የሚል ቁጥር አለው። እናቴ ቸግሯት አንድ ሱቅ ብትወስደው «ይኼ ባለ 18 ነው፣ በባለ 18 ነው የምንገዛሽ» አሏት። ሳትሸጠው ተመለሰች። ግን ከዚያ ወዲህ ሐሳብ ገብቷታል። እኔንም ያታለሉኝ መስሏታል። ቁጥሩ ምን ማለት ነው? ካራት የሚባለውስ?


አንጥረኛው ከደሴ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡45

እንደምን ዋላችሁ። ጽሑፍ ላይ ብዙ አይደለሁም። ልጄ ናት ያሳየችኝ።

መጀመሪያ ለጅዳዋ ልጄ። አይዞሽ። ንጹሑ ወርቅ 24 ካራት ነው። ባለ 21 ማለት ከ24ቱ እጅ 21ዱ ወርቅ፣ ሦስቱ መዳብና ብር ነው። 21ን ለ24 ስታካፍዪው 875 ከሺህ ይመጣል። ቁጥሩ እሱ ነው። ባለ 18 ቢሆን 750 ነበር የሚጻፍበት። ቁጥር ግን ማንም ይመታዋል። ስለዚህ ድንጋይ ላይ ይታይ።

እንዴት እንደሚታይ ልንገራችሁ። ጥቁር ድንጋይ አለኝ፣ ከመዳፌ ያነሰ፣ ለስላሳ ነው። የአባቴ ነበር። ቀለበቱን አንዴ ፈተግ አደርገዋለሁ። ብጫ መስመር ይቀራል። ከጎኑ ደግሞ ልኩን የማውቀውን ወርቅ እፈትጋለሁ፣ ባለ 18 እና ባለ 21። ሦስት መስመር ሆኑ ማለት ነው። ከዚያ በመስታወት ዘንግ አሲድ ጠብ አድርጌ ሦስቱንም አስነካቸዋለሁ። ነሐስ ከሆነ ወዲያው አረንጓዴ ብሎ ይጠፋል። ባለ 18ቱ መስመር እየሳሳ ሲሄድ ባለ 21ዱ ከቆየ፣ ያንቺን ከሁለቱ ጋር አስተያያለሁ። የትኛውን እንደሚከተል በዓይን ይታያል። ሰው ፊት ነው የማደርገው። እናትሽ እያዩ ያድርጉላቸው። ውስጥ ይዞ ገብቶ «ባለ 18 ነው» ብሎ የሚወጣ ሰው አይመኑ።

አሁን ወደ መምህሩ። ላቲኑን አላውቅም። እናንተ «ንጥረ ነገር» እያላችሁ ስትጽፉ ግን እኔ ሌላ ነገር አየሁ። ማንጠር የእኔ ሥራ ነው። አንጥረኛ የተባልኩት በማንጠሬ ነው።

ወርቅ እንዴት እንደሚነጥር ላሳያችሁ። የተሰበረ ጉትቻ፣ የተበጠሰ ሀብል ይመጣል። ስንት ዓይነት ነገር እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። አቀልጠዋለሁ። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ይቀላል፣ ከዚያ ድንገት ይሰበሰብና እንደ ዕንቁላል አስኳል ይንቀጠቀጣል። ቦራክስ የሚባል ነጭ ዱቄት ጣል ሳደርግበት እድፉ ወደ ላይ ወጥቶ እንደ ብርጭቆ ይጋገርበታል። ግን ውስጡ ያለው መዳብና ብር በዚህ አይወጣም። ስለዚህ ብር እጨምርበታለሁ፤ አንድ እጅ ወርቅ ከሆነ ሦስት እጅ ብር። አቅልጬ አሳስቼ ናይትሪክ አሲድ ውስጥ እከተዋለሁ። ብሩም መዳቡም ይሟሟል። ዕቃው ታች ቡናማ ዱቄት ይቀራል። ጭቃ ነው የሚመስለው። የማያውቅ ሰው ይደፋዋል። ወርቁ ግን እሱ ነው። አጥቤ፣ አድርቄ ሳቀልጠው ብጫው ይመለሳል። ከዚህ በኋላ የፈለግከውን እሳት ብታነድድበት የሚወጣው ነገር የለም። ነጠረ ይባላል።


መምህር ከሐይቅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡20

ጋሼ፣ እጅ ነሥቻለሁ። ይህን ቃል በቀን ሃያ ጊዜ እጠራዋለሁ። አንጥረኛና ንጥረ ነገር አንድ ቤት መሆናቸውን አስቤው አላውቅም!

እ.ኤ.አ. በ1789 ፈረንሳዊው ላቯዚዬ መጽሐፉን ሲያወጣ ንጥረ ነገርን እንዲህ ነበር የተረጎመው። በምንም መንገድ ብንሞክር ከዚያ በላይ ልንከፋፍለው ያልቻልነው፣ የመጨረሻው። እርስዎ «የሚወጣው ነገር የለም» ያሉት ይኸው ነው። ወርቅ በዝርዝሩ ውስጥ ነበረበት። ኖራም ነበረበት። ኖራ ግን ኋላ ላይ ውስጡ ካልሲየምና ኦክስጅን እንዳለ ታወቀ፣ ከዝርዝሩ ወጣ። ወርቅ እስከ ዛሬ አለ።

የላቲኑ «ኤሌሜንቱም» ፊደል ማለትም ነበር። የነገር ሁሉ ፊደል እንደ ማለት። ያማረ ነው። የእኛ ቃል ግን እሳቱንም ሰውየውንም ያሳያል። ልጆቹ በታችኛው ክፍል በአማርኛ ተምረው ሲመጡ እኔ 9ኛ ላይ «ከዛሬ ጀምሮ ኤለመንት ነው» እላቸው ነበር። ቃሉን ምን እንደያዘ ሳልነግራቸው ነበር የማስጥላቸው።


ሙጋድ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡48

መምህር፣ አንድ ነገር ልቃወም። ቅቤም ይነጠራል። እናቴ ቅቤ ስታነጥር አድጌያለሁ። ኮረሪማውን፣ ኮሰረቱን፣ አብሹን ጨምራ ነው የምታነጥረው። ንጥር ቅቤ ንጥረ ነገር ነው? አይደለም። ንጹሕ ውሃስ? ንጹሕ ነው፣ ግን ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ነው። ስለዚህ «ንጥር» ንጹሕ ማለት እንጂ የማይከፈል ማለት አይደለም። ልጆቹን በቃሉ ብታስተምራቸው ይሳሳታሉ ብዬ እፈራለሁ።


መምህር ከሐይቅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡05

ልክ ነህ፣ ይህን በደንብ ነው ያልከው። ለልጆቹም እንደዚሁ አቀርበዋለሁ። ቅቤ ሲነጠር የሚለየው ውሃውና አይቡ ነው። የቀረው ግን ራሱ የብዙ ነገር ቅልቅል ነው። ወርቅ ሲነጥር ግን የቀረው አንድ ዓይነት አቶም ብቻ ነው። ቃሉ በሩን ይከፍታል እንጂ ቤቱን አያሳይም። የባለ 18 ቀለበትም ጥሩ ምሳሌ ይሆነኛል፤ ወርቅ እንለዋለን፣ ኬሚስትሪው ግን ቅይጥ ነው ይለዋል።

ቢሆንም ከሁሉ አብልጬ የምወደው የጋሼን ቡናማ ዱቄት ነው። ወርቅ ወርቅ ሳይመስል ወርቅ የሆነበት።


ላብራቶሪ ኮምቦልቻ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡30

ጋሼ ናይትሪክ አሲድ ብቻውን ወርቅን እንደማይነካው ነግረውናል። ሃይድሮክሎሪክ አሲድም ብቻውን አይነካውም። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ይበሉታል። ሦስት እጅ ሃይድሮክሎሪክ፣ አንድ እጅ ናይትሪክ። ስሙ «አኳ ሬጂያ» ነው፤ የንጉሥ ውሃ። የማዕድናቱን ንጉሥ ስለሚያሟሟ ነው እንደዚያ የተባለው። አንዱ ከወርቁ ላይ ኤሌክትሮን ይነጥቃል፣ ሌላው ወርቁ ወደ ቦታው ሳይመለስ በክሎሪን ይከበዋል። የሚወጣው ክሎሮኦሪክ አሲድ ይባላል። ያውላችሁ «ኦሪክ» ተመልሶ መጣ፤ ሦስት ኤሌክትሮን ተነጥቋላ።

ለተማሪዎችህ ይህን ንገራቸው። እ.ኤ.አ. በ1940 ጀርመኖች ዴንማርክን ሲወርሩ ኮፐንሃገን ባለው የኒልስ ቦር ተቋም ውስጥ ሁለት የኖቤል ሜዳሊያዎች ተቀምጠው ነበር። የማክስ ፎን ላወና የጄምስ ፍራንክ ናቸው። ከጀርመን ወርቅ ማስወጣት በዚያን ጊዜ ከባድ ወንጀል ነው። ሜዳሊያው ላይ ደግሞ ስማቸው ተቀርጿል። ቢገኝ የፎን ላወ ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል። እዚያ የሚሠራው ኬሚስት ጆርጅ ዴ ሄቬሺ ሁለቱንም አኳ ሬጂያ ውስጥ ከተታቸው። ቀስ ብለው ሟሙ። ብርቱካንማ ፈሳሽ ሆኖ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ወታደሮቹ ገብተው ፈተሹ፣ ጠርሙሱን አላወቁትም። ጦርነቱ ሲያልቅ ወርቁ ከፈሳሹ ወጣ፣ ሜዳሊያዎቹም እንደገና ተቀረጹ።

ቤት ውስጥ ግን ማንም እንዳይሞክረው። ጢሱ ሳንባ ያቃጥላል።


ከጅዳ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡02

ጋሼ አላህ ይስጥልኝ። ለእናቴ ደውዬ ነግሬያታለሁ። «ፊት ለፊቴ ነው የሚሠራው» እያለች ደጋግማ ያዘችው። ካራት የሚለው ቃልስ ከየት ነው? እዚህ «ቂራጥ» ነው የሚሉት።


የዋድላ ተማሪ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡20

እኅቴ፣ መነሻው ግሪክ ነው። «ኬራቲዮን» ትንሽ ቀንድ ማለት ነው። ካሮብ የሚባል ዛፍ አለ፤ ፍሬው እንደ ቀንድ የጎበጠ ነው። ዘሩን ለሚዛን ይጠቀሙበት ነበር። ዐረቡ «ቂራጥ» አለው፣ አውሮፓውያን ከዐረቡ ወሰዱት። 24 የሆነው ደግሞ የሮማ ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ያስመታው የወርቅ ገንዘብ 24 ቂራጥ ይመዝን ስለነበር ነው።

ጋሽ አንጥረኛው ስላሉት አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ቅኔ ቤት «ሰምና ወርቅ» የምንለው ከእርስዎ ቤት የተወሰደ ነው። አንጥረኛ መጀመሪያ ጌጡን በሰም ይሠራዋል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይፈስሳል፣ በባዶው ቦታ ወርቁ ይገባል። ዋድላ ላይ መምህራችን ይህን ሲያስረዱን በእጃቸው ጭቃ እየጠፈጠፉ ነበር። አንጥረኛ ሲሠራ ግን አንድም ቀን አይቼ አላውቅም።


አንጥረኛው ከደሴ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡10

ልጄ እንቅልፏ መጥቶ ትታኝ ገባች። በራሴ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብስት ይቅር በሉኝ።

አባቴ ማርትሬዛ ብር እያቀለጠ ድሪና አልቦ ይሠራ ነበር። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ይዞት ይወርዳል። አፋሩም አማራውም ኦሮሞውም ይገዛዋል። ሙሽራ ያለ እሱ ጌጥ አትወጣም። ጌጡን ይወዱታል፣ እኛን ግን አይወዱንም። ትምህርት ቤት ስሄድ «የቀጥቃጭ ልጅ» ይሉኛል። አጠገቤ መብላት የሚፈራ ነበር። ቡዳ ነው እያሉ። አባቴ ሲሰማ ዝም ይላል፤ ወናፉን ይነፋል። እኔ 6ኛ ክፍል ላይ አቋረጥኩ። ከስድቡ የተነሣ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ዛሬ ጊዜው ተለውጧል። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ናት። ግን ትምህርት ቤት ውስጥ፣ መጽሐፍ ላይ፣ በዚያ በተባረርኩበት ቦታ የአባቴ ሥራ ስም ተጽፎ እንዳለ አላውቅም ነበር። ንጥረ ነገር። ልጆቹ በየቀኑ የሚሉት። መምህር፣ ይህን ስትጽፍ እኔ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።


የወሎ ቦረና ልጅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡18

ጋሼ፣ አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው። አባትዎንም ይማርልዎ። እናቴ ሰርጓ ላይ ያደረገችው ድሪ አሁንም ቤታችን አለ። ከባቲ የተገዛ ነው። ማን እንደሠራው ጠይቀን አናውቅም።


ሙጋድ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡25

ጋሼ፣ ተቃውሞዬ ኬሚስትሪው ላይ ነው። ቃሉን ግን ከዛሬ በኋላ በሌላ ዓይን ነው የማየው።


መምህር ከሐይቅ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 10፡40

አሁን ከክፍል ወጣሁ።

አውሩምን ነገርኳቸው፣ ጎህን ነገርኳቸው። የሜዳሊያዎቹን ታሪክ ስነግራቸው ትንፋሽ አልነበረም። ከዚያ ሰሌዳው ላይ «ነጠረ» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ የሚወጣ ቃል አምጡ አልኳቸው። ንጥር ቅቤ አሉ። ንጥረ ምግብ አሉ። ንጥረ ነገር ያለው ልጅ ራሱ ደነገጠ። «አንጥረኛ» ያለችው ያቺው ልጅ ናት። ጋሼ፣ የእርስዎን ነገር ስም ሳልጠራ ነገርኳቸው። ጸጥ አሉ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ «አያቴ አንጥረኛ ነበሩ» አለ። ሁለት ዓመት አስተምሬዋለሁ፤ ተናግሮት አያውቅም።

ልጅቷ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይዛ መጣች። «ወርቅ ስሙን ያገኘው ከቀለሙ ከሆነ ብርስ?»


የዋድላ ተማሪ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 11፡15

ይህቺ ልጅ ቅኔ ቤት ብትገባ ጥሩ ነበር። ብር በግዕዝ «ብሩር» ነው። መዳቡ «ብርት» ነው። ይህ «ብርት» አማርኛ ላይ ሲደርስ «ብረት» ሆኖ የሐፂንን ቦታ ወሰደ። ሐፂን ማለት በግዕዝ ብረት ነው። ይህ ግን የራሱ ርዕስ ያስፈልገዋል። ማታ እከፍታለሁ።


አንጥረኛው ከደሴ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡20

መምህር፣ ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹን ይዘህ ና። የሚነጥር አለኝ፣ ላቆየው። አያቱ አንጥረኛ የነበሩት ልጅ ይምጣ። ጠያቂዋም ትምጣ። የዋድላው ተማሪም ካለህበት ና፣ ሰሙን ታየዋለህ።

ሴቶቹ ነጠላ ለብሰው አይምጡ፣ እሳት ይይዘዋል። ክፍት ጫማም አይሆንም። ስንት ናችሁ?


መምህር ከሐይቅ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡33

12 ነን ጋሼ። በሁለት ጊዜ እንግባ?


አንጥረኛው ከደሴ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡41

ቤቱ ጠባብ ነው፣ ስድስት ስድስት ሆናችሁ ግቡ። 8 ሰዓት ላይ ምድጃውን አነድደዋለሁ። በጋዝ አይደለም፣ በአባቴ ወናፍ ነው።